ትምህርቱ በቴሌግራም፣ ልጁ ግን ከብት ጥበቃ

(ባለፈው ቅዳሜ በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ አንድ የገጠር መምህር ያደረጉት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁን ሙሉውን እነሆ። ረዘም ይላል፤ ግን ጨርሱት፤ ለሚመለከተውም ሼር አድርጉት።)

 

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ትምህርት ለተቋረጠባቸው ልጆች በቴክኖሎጂ እንዴት እንድረስላቸው?» የሚል ነው። እናንተ ለዚሁ ሥራ የቴሌግራም ቻናል ከፍታችኋል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች የሒሳብና የእንግሊዝኛ ቪዲዮ እየቀረጹ ነው። ውጭ ያሉት ወንድሞቻችን ደግሞ ለታብሌት መግዣ ገንዘብ እናዋጣ እያሉ ነው። በእውነት ደስ ብሎኛል። የመጣሁት ይህን ላፈርስባችሁ አይደለም። ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብሄድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሞክረነዋል። በ2012 ዓ.ም.። ምን እንዳመጣም እኔ መንደር ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ።

እስቲ እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከአፀደ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወደ 26 ሚሊዮን ተማሪ ቤቱ ገባ። መጀመሪያ የተባለው ለሁለት ሳምንት ነበር። ሰባት ወር ሆነ! በሩ መከፈት የጀመረው ጥቅምት 9 ቀን 2013 ነው፤ መጀመሪያ ገጠሩና ወረዳው፣ ቀጥሎ የዞንና የክልል ከተሞች፣ በመጨረሻ ጥቅምት 23 አዲስ አበባ። መዘጋቱ ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር አልገባበትም፤ በዚያ ሰሞን ዓለም ሁሉ ዘግቷል። እኔ የማወራው ከተዘጋ በኋላ «ትምህርት በቤት ይቀጥላል» የተባለበትን ነው።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። አንደኛ ደረጃው በሬዲዮ፣ ሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን፣ ስማርት ፎን ያለው ደግሞ በቴሌግራም። የከተማ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺት በፒዲኤፍ መላክ ጀመሩ፤ ወላጅና ትምህርት ቤት በክፍያ ተጨቃጨቁ፤ ሚዲያው ስለዚያ አወራ። ልብ በሉ፣ የተወራው ትምህርቱ ስለደረሳቸው ልጆች ነው። ስላልደረሳቸው የተጨቃጨቀ ሰው አላስታውስም።

ያልደረሳቸው ደግሞ ጥቂት አልነበሩም። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ግማሽ ያህል ሕዝብ የኤሌክትሪክ መብራት የለውም። ሬዲዮ ያለው ቤት ከሌለው ያንሳል። ኢንተርኔትማ ተዉት። ባለው ላይም ቢሆን ሰኔ 23 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሳምንታት። ከተማ ላይ በቴሌግራም ሲማር የነበረው ልጅ ራሱ በዚያ ሰሞን ከእኛ ተማሪ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። በአገራችን እኩልነት አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚመጣው።

እና እናንተ የምትሉትን አውቃለሁ። «መምህር፣ ችግሩ መሣሪያ ነዋ! መሣሪያ እንስጣቸው» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ነው ትንሽ ቆም እንድትሉልኝ የምፈልገው።

በዚያ ዓመት አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ጎበዝ፤ እጇን ቀድማ የምታወጣ። ቤታቸው ሬዲዮ አለ። አባቷም ትምህርት የሚጠላ ሰው አይደለም፤ ሰባት ዓመቷ ላይ እጇን ይዞ ያስመዘገባት እሱ ነው። ግንቦት ላይ በመንደራቸው ሳልፍ «ልጅቱ ትምህርቱን እየተከታተለች ነው ወይ?» አልኩት። ሳቅ ብሎ «መምህር፣ ሬዲዮኑማ ይናገራል፤ እሷ ግን ውኃ ወርዳለች» አለኝ።

ይህን ቃል ብዙ አሰብኩበት። ሬዲዮው አለ፣ ባትሪው አለ፣ ፕሮግራሙ በሰዓቱ ይተላለፋል። የሌለው ሰዓቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍት በነበረ ጊዜ ያቺ ልጅ ከጠዋት እስከ ቀትር ነፃ ነበረች። ለምን? እናቷ ወገቧን አሟት «ልጅቱ የታለች?» ስትል «ትምህርት ቤት ናት» የሚል መልስ ስላለ ነው። አጎቷ «ጥጃዎቹን ማን ይያዝ?» ሲል «ትምህርት ቤት ናት» ይባላል። ይህ መልስ ማንንም ዝም ያሰኛል። «ሬዲዮ እየሰማች ነው» ግን መልስ አይደለም! ሬዲዮ እየሰሙ ሽንኩርት መላጥ ይቻላላ። ሬዲዮ እየሰሙ ልጅ ማዘል ይቻላላ። ከዚያ ውኃ ይቀዳል፣ ከዚያ ኩበት ይለቀማል፣ ከዚያ ሬዲዮው ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው ያስተምራል።

ወሩንም አስቡት። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ማለት ገበሬው መሬቱን የሚያርስበት፣ የሚዘራበት፣ የሚያርምበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን እጅ ያለው ልጅ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ቤት እኔ በምኖርበት ቀበሌ አላየሁም። ወላጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እህል ስለሆነ ነው።

አባቶቻችን እኮ ይህን ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ ለምን ይመስላችኋል ከአገሩ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ እየለመነ የሚማረው? ወሎ ላይ ደረሳውስ ለምን ከሼኽ ወደ ሼኽ እየዞረ ከቤቱ ርቆ ይቀራል? መምህር ፍለጋ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር አለው፤ ቤት ያለ ልጅ የቤት ነው። ይጠሩታል። እናት አየት አድርጋ «ልጄ፣ እስቲ ይቺን» ካለች መጽሐፉ ተዘጋ። የቤት ትምህርት የሚባለው ነገር ድሃ ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ ረስቶ ነው የገባው።

ከተማው የተሻለ ነበር እንዳትሉኝ። አንድ ክፍል ቤት፣ አምስት ሰው፣ አንድ ስልክ። ስልኩ ከአባት ጋር ሥራ ይውላል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲገባ ቻርጁ አልቋል፤ ካርድ የለውም። ሦስት ልጆች በሦስት የተለያየ ክፍል ተራ ይጠብቃሉ። ትልቁ የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነ ቅድሚያ ያገኛል፤ የ2ኛ ክፍሏ ሳትደርሳት ትተኛለች። በማግሥቱም እንደዚያው። መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ አለ፤ ለእሱ ሬዲዮ ምኑ ነው? አልፌዋለሁ እንጂ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

አንድ ግን ማለፍ የማልችለው አለ፤ የማታ ተማሪዎቹ። የቤት ሠራተኛ ሆነው ቀን ሲያጥቡ ሲያበስሉ ውለው ማታ ደብተር ይዘው የሚሄዱትን እህቶቻችንን ማለቴ ነው። አብዛኞቹ ከእኛው መንደር የወጡ ናቸው። ከአሠሪ ጋር የተስማሙት «ማታ ማታ ትማራለች» ተብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያ ስምምነት አብሮ ተዘጋ። የምትሠራበት ቤት ዋይፋይ አለ፤ የአሠሪዋ ልጆች ሳሎን ቁጭ ብለው በኦንላይን ይማራሉ፤ እሷ ሻይ ታቀርብላቸዋለች። መሣሪያው ከእሷ ሦስት እርምጃ ይርቃል። እንግዲህ «ችግሩ መሣሪያ ነው» ለሚል ሰው ይህቺን ልጅ ነው የማሳየው።

ሴት ልጅ ላይ የደረሰውንም አንርሳ። የአገሪቱ ሕግ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ይከለክላል። ሕጉን ግን መንደር ውስጥ የሚያስከብረው ፖሊስ አይደለም፤ ባብዛኛው ስም ጥሪ ነው። አንዲት ልጅ ሁለት ቀን ስትቀር መምህሩ ይጠይቃል፤ ጓደኞቿ «ልትዳር ነው» ብለው ይናገራሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ወደ ቀበሌ ይሄዳል። በ2012 ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። በክልላችን በነዚያ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ያለዕድሜ ጋብቻዎች ተደርሶባቸው እንዲቀሩ ተደርጓል። የተደረሰባቸውን ነው የምንቆጥረው። ቴሌግራም ላይ ማን እንደቀረ አይታይም፤ የሚታየው ስንት ሰው እንዳየው ነው።

ሌላው ዓለምስ? ዩኒሴፍ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ትምህርት ቤት ከተዘጋባቸው ልጆች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው፣ 463 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ የርቀት ትምህርት ሊደርሳቸው አይችልም ብሏል። ይህ እንግዲህ በቤቱ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን ወይም ኢንተርኔት አለ የለም ተብሎ የተሰላ ነው። የኔ ተማሪ በዚህ ስሌት «ደርሷታል» ውስጥ ትገባለች፤ ሬዲዮ አላቸውና። ሆላንድን ደግሞ ውሰዱ። ኢንተርኔት ከማንም በላይ የተዳረሰበት አገር ነው፤ የዘጉትም ስምንት ሳምንት ብቻ ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የልጆቹን ፈተና ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ አወዳደሩ። ልጆቹ ቤት ሆነው የተማሩት ምንም ማለት ይቻላል፤ የጠፋው የአንድ የትምህርት ዓመት አንድ አምስተኛ ነው። ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች ላይ ጉዳቱ እስከ 60 በመቶ ይበልጣል። ሆላንድ ነው እንግዲህ! ዋይፋይ፣ ላፕቶፕ፣ የራስ ክፍል ያለበት።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የፓኪስታኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰሜናዊ ፓኪስታን ላይ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ለቦታው ቅርብ የነበሩ ልጆች በአማካይ 14 ሳምንት ከትምህርት ቤት ውጭ ሆኑ። ሦስት ወር ከምናምን። ከዚያ ተመለሱ፤ ትምህርቱ ቀጠለ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሄደው ፈተኗቸው። ከሌሎቹ በ14 ሳምንት ያነሱ ይመስላችኋል? አይደለም። በአንድ ዓመት ተኩል ነው ወደ ኋላ የቀሩት።

እንዴት ሆኖ? ለኔ እንደ መምህር ነገሩ ግልጽ ነው። ልጁ ሲመለስ ክፍሉ አልጠበቀውም። መጽሐፉ ከምዕራፍ ስድስት ይጀምራል፤ እሱ ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው። ዛሬ ያልገባው ነገ የሚመጣውንም ያሳጣዋል። ያመለጠው ትምህርት እንደ አራጣ ነው፤ ወለዱ ነው የሚገድለው። ደግሞ ስሙኝ፣ በዚያው ጥናት ላይ አንድ የተለየ ነገር ተገኝቷል። እናታቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን የጨረሰች ልጆች ላይ ያ ክፍተት አልታየም። እናትየው ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ አንደኛ ደረጃን ብቻ ነው የጨረሰችው። ደብተሩን ገልጣ «ይህ ምንድን ነው? እስቲ አንብብልኝ» ማለት የምትችል ሰው ቤት ውስጥ መኖሯ በቃ።

አሁን ወደኛ ቤት እንመለስ። በ2013 ስንከፍት ምን አደረግን? የ2012ን ቀሪ ትምህርት በ45 ቀን ማካካሻ እንሸፍናለን ተባለ፤ ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። እኔ ያኔ 2ኛ ክፍል ተመድቤ ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት መጋቢት ላይ የ1ኛ ክፍል ተማሪ የነበሩት ናቸው። ፊደል ጀምረው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያሉ። ግዕዙን ያውቁታል፤ ካዕቡንና ሣልሱን ያደበላልቁታል፤ ሳድስ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ጣሪያ ይፈልጋል። መጽሐፉ ግን ገጽ አንድ ላይ አንቀጽ አንብበህ ጥያቄ መልስ ይላል። ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ወደ ሀ ሁ ብመለስ የዓመቱ ትምህርት አያልቅም፤ ባልመለስ ደግሞ ማንን ነው የማስተምረው? ከሰባው አሥር የሚሆኑት ያነባሉ። የማን ልጆች መሰሏችሁ? የመምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የባለሱቁ። ደብተር የሚገልጥ ሰው ያለባቸው ቤቶች። አስቡት፤ ያኔ የፓኪስታኑን ጥናት ጭራሽ አልሰማሁም።

እነዚያ ልጆች ሳይቋረጥ ቢማሩ ኖሮ በ2017 6ኛ ክፍል ይሆኑ ነበር። ግን መች ሳይቋረጥ! በ2014 ጦርነቱ መጣ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ፈረሰ፣ ተዘረፈ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሚሊዮኖች ከትምህርት ውጭ ናቸው። የማን ጥፋት ነው የሚለውን በሌላ መድረክ ተነጋገሩበት፤ ዛሬ ልጆቹን ላውራ። ቀጥተኛው ነገር አንድ ልጅ ትምህርት በጀመረ በአምስት ዓመቱ ሦስት ጊዜ ተቋርጦበታል። በዚህኛው ላይ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፍቶ ነበር። እናንተ ቻናሉን በከፈታችሁበት ቦታ ላይ ማለቴ ነው።

የ12ኛ ክፍል ውጤትን ብዙዎቻችሁ ታነሱታላችሁ። በ2014 ካለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የ2014ቱ ተፈታኝ ኮሮና ሲመጣ 10ኛ ክፍል ነበር፤ የ2015ቱ 9ኛ፤ የ2016ቱ 8ኛ። ሁሉም በኮሮና ነው እንዳልል ደግሞ እፈራለሁ፤ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለተሰጠ መኮራረጁ ቀረና የተሸፈነው ገበና ተገለጠ እንጂ፣ ጉዱ የቆየ ነው። ግን ያ ሰባት ወር በዚያ ላይ ተጨምሯል። እኛ ውጤቱ ሲወጣ ነው የምንጮኸው፤ ልጁ የወደቀው ግን 2ኛ ክፍል ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ቅድም በሻይ ሰዓት «ታዲያ ምንም አይሠራም ነው የምትለን?» ብሎኛል። አይደለም። የሚሠራ ነገር አለ፤ እንዲያውም ርካሽ ነው።

ቦትስዋና ውስጥ በኮሮና ጊዜ ወደ 4,500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ላይ ሙከራ ተደረገ። ለአንዱ ወገን በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ መልእክት ተላከ። ለሌላው ወገን መልእክቱ ይላክና በተጨማሪ መምህር ይደውላል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ስማርት ፎን አይደለም፤ ባለ ቁልፏ ተራ ስልክ። ውጤቱ ሲታይ መልእክቱ ብቻውን ይህን ያህል አልፈየደም። የተደወለላቸው ልጆች ግን በሒሳብ ተሻሽለዋል። ከዚያ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ህንድ፣ ኔፓልና ፊሊፒንስ ላይ ተሞክሮ የስልክ ጥሪው እዚያም ሠራ።

ለምን እንደሠራ የኔን ግምት ልንገራችሁ። ስልክ ሲደወል አባት ነው የሚያነሳው። «መምህሩ ነው የደወለው፤ ልጅቱን ጥሯት» ይላል። አያችሁ? መልሱ ተመለሰ! «መምህሩ ደውሏል» ማለት «ትምህርት ቤት ናት» እንደማለት ነው። ለሃያ ደቂቃ ማንም ውኃ ቅጂ አይላትም። ቪዲዮ ይህን አያደርግም፤ ቪዲዮ ማታም ይታያል፣ ነገም ይታያል፣ ስለዚህ መቼም አይታይም።

ፕላዝማን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የገባው። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ እኛ አንገታችንን አንግተን እናያለን፤ «አልገባኝም» ብትለው አይሰማህም። ሲያልቅ የክፍሉ መምህር አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። የ2012ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ስንት ከተወራ በኋላ የካቲት መጨረሻ 2013 በወረቀት ነው የተሰጠው። መሣሪያ ላይ ያለን ፍቅር እንደ ሕዝብም እንደ መንግሥትም ያው ነው።

ስለዚህ ታብሌት ልግዛ ለምትሉት፣ በተለይ ለውጭዎቹ፦ አንድ ታብሌት ለአንድ ልጅ ከመግዛት መንደር ውስጥ ላለ አንድ አስተማሪ ልጅ የዓመት ካርድ፣ የወረቀትና የፎቶ ኮፒ ወጪ ሸፍኑ። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ቤቱ የተቀመጠ ልጅ በየቀበሌው አለ። ሴቶቹም አሉ፤ እነሱ ናቸው የሚሻሉት፤ ሴት ልጆችን ወላጅ ለእነሱ ይለቃል። ያ ልጅ ፊደል ማስቆጠር ይችላል፤ ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልገውም። ዲግሪ የሚያስፈልገው ሰባ ልጅ ዝም ለማሰኘት ነው፤ እሱ የሚይዘው ስምንት ወይም አሥር ነው።

ሰዓቱን ግን እናንተ ከከተማ አትወስኑለት። ከመንደሩ ሽማግሌ፣ ከቄሱ፣ ከሼኹ፣ ከእድሩ ዳኛ ጋር ተቀምጦ ይወሰን። ገበያ ቀን አይሆንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዝመራ ነው፤ ከብት ከገባ በኋላ ይሁን። አንዱ መንደር ጠዋት ይላል፣ ሌላው ማታ በሶላር መብራት ይላል። ዋናው እድሩ ፊት «ይህቺ ሰዓት የልጆች ናት» ተብሎ መታወጁ ነው። ያኔ ልጅን ከዚያ መጥራት ነውር ይሆናል። ነውር ደግሞ በእኛ አገር ከመመሪያ ይበልጣል።

አንድ ደስ የማይላችሁን ነገር ልጨምር። በዚያ ሰዓት የእኛ አርማ አይግባ። ባንዲራ ይዘን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ገጹ ላይ «እነሆ ለሕዝባችን ደረስንለት» ብለን አንለጥፍ። በዚህ ጊዜ ልጆች የተሰበሰቡበትን ቦታ ስምና ምስል ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ወላጅም ልጁን የሚልከው ለፊደል እንጂ ለእኛ አይደለም። ትግል ከዚህ አይለይም የሚል ካለ በሻይ ሰዓት እንከራከር። እኔ ግን አቋሜ ይኸው ነው።

(ከተሳታፊዎች አንዱ ጠየቀ፦ «ታዲያ ቻናሉን እንዝጋው?»)

አትዝጉት። ተቀባዩን ቀይሩት። አሁን ቪዲዮዎቹ «ውድ ተማሪዎች» ብለው ነው የሚጀምሩት። «ውድ አስተማሪ» ብለው ይጀምሩ። ያቺ መንደር ያለችው ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ትወጣለች፤ ወይም ለገበያ ወረዳ ስትወርድ ታወርደዋለች። ሳድስን ለሚያደበላልቅ ልጅ ምን እንደምታደርግ፣ መቀነስን በጠጠር እንዴት እንደምታሳይ አምስት ደቂቃ ንገሯት። ቪዲዮ ከሚሆን ድምፅ ይሁን፤ ድምፅ ዳታ አይበላም። የሚታተም አንድ ገጽ ጨምሩበት። እሷ ለአሥር ልጅ ታደርሰዋለች። ስንት ሰው አየው የሚለውን ቁጥር ተዉትና ስንት ልጅ በዚህ ወር ማንበብ ጀመረ የሚለውን ጠይቋት።

የስልኩን ሥራ ደግሞ እዚሁ እንጀምረው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መቶ የምንሆን አለን። እያንዳንዳችን በሳምንት ለሦስት ልጅ ሃያ ሃያ ደቂቃ ብንደውል ሦስት መቶ ልጅ ነው። ሚሊዮኑን አይነካውም፤ አውቃለሁ። ሦስት መቶ ግን ሦስት መቶ ነው። መጀመሪያ ለራሳችሁ ዘመድ ልጅ ደውሉ፤ አባትየው ያውቃችኋል፣ አይጠራጠርም። ለሴት ልጅ ሴት ትደውል። ልጁ ባይገኝ ለምን እንዳልተገኘ ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ካልተገኘ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ እዚያው ላለ ሰው ንገሩ። ስም ጥሪው ይኸው ነው።

መመዝገቢያው ወረቀት በሩ ጋ ተቀምጧል። የልጁ ስም፣ ክፍል፣ የሚደወልበት ስልክ ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ አለች፤ «ልጁ ነፃ የሚሆንበት ሰዓት» ትላለች። እሷን በግምት አትሙሏት። ዛሬ ማታ ደውላችሁ እናቱን ጠይቁ፤ ነገ ሞልታችሁ አምጡ።